ጋሼ በቀለ ከቤዝቦል ጡረታ ወጡ

ዛሬ እዚህ ስቶክሆልም፣ ብሬዴንግ ሰፈር ውስጥ አንድ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ከቤዝቦል፣ ከዚያ ኳስ በዱላ ከሚመታበት ጨዋታ፣ ጡረታ ሲወጡ አጨብጭቤ መጣሁ።

ጋሼ በቀለ በስድሳዎቹ ዓመታት ስቶክሆልም ለትምህርት መጥተው «ፕሮፌሽናል ቤዝቦል ተጫውቻለሁ» ሲሉን ኖረዋል። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችንም አዳራሽ ተከራይቶ ካባ አለበሳቸው። ስንት ጨዋታ እንደተጫወቱ የጠየቀ የለም። እኛ ካባ ማልበስ እንጂ መጠየቅ መች እናውቅበታለን!

ንግግራቸው አርባ ደቂቃ ሲሞላ ባለቤታቸው እትዬ ሶስና አላስቻላቸውም።

«አንተ ሰውዬ፣ የተሰለፍከው አንድ ቀን ነው! እሱንም የመምታት ተራህ ሳይደርስ ዝናብ አቋረጠው። ጃንጥላ ይዤልህ የቆምኩት እኔ አይደለሁም?»

ጋሼ ይደነግጣሉ? ምን በወጣቸው!

«እንግዲያው ጨዋታው አላለቀማ! ጡረታውን ሰርዣለሁ» ብለው ካባቸውን እንደለበሱ ወደ ምግቡ ሄዱ።

እናንተ ሰፈርስ ሳይጀምር ጡረታ የወጣ አለ? ንገሩን፣ ካባ እንልካለን።