ዘጠኝ ከመቶ ሲቀረው

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል። የእኅቴ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የጫንኩት እኔ፣ ሽቦ አልባውን ማውስ የገዛሁት እኔ፣ “ባትሪው አርጅቷል” ብዬ እንደ ዳኛ የፈረድኩትም እኔ ነኝ። ቢቸና ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ገላው እባላለሁ፤ ሳይጠይቁኝ መልስ መስጠት የቆየ አመሌ ነው።

እታለም ግን እንደ እኔ አይደለችም። ሙሉ ስሟ የሺእመቤት ባየ ነው፤ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በወጣትነቷ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ገብታ፣ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ የጽሕፈት መኪናውን እየነካካች ለብቻዋ ተማረችው። በኋላ አለቆቿ ከእሷ እጅ ካልወጣ በቀር ደብዳቤ አይፈርሙም ነበር። ዛሬ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ውል ትጽፋለች፤ ከሁሉ በላይ ግን የምትታወቀው በሟቾች የሕይወት ታሪክ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሳይተከል ዘመድ እሷ ጋ ይሮጣል። “ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት” ብላ ትጀምርና ቀብር ላይ የሚነበበውን ወረቀት በአንድ ሰዓት ታስረክባለች። የነገሯትን ትጽፋለች እንጂ ከራሷ አትጨምርም። በእሷ ወረቀቶች ከተሄደ ቢቸና ውስጥ አንድም ስስታም ሰው ሞቶ አያውቅም።

የፊደል ስህተት ግን አታልፍም። ዲግሪ ያለው ሰው ጽፎ ያመጣውን በእርሳስ እያረመች ስትመልስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሰውዬው አፍሮም ተደንቆም “የት ነው የተማርሽው?” ይላታል። እሷም ስሟን እንደምትናገር ሁሉ ሳትጨነቅ፣ “እኔማ ስድስተኛ ክፍል ወድቄ የቀረሁ ነኝ” ትላለች። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1974 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ከሞጣ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ነው። እታለም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ውጤቷን ትጠብቃለች። በነሐሴ አባባ ሞጣ ገበያ ወርደው፣ ማታ ሲመለሱ “ወድቀሻል” አሏት። በጥር ዳሯት። ለፋሲካ ሳትደርስ ከባሏ ቤት ጠፍታ፣ በጭነት መኪና ቢቸና አክስታችን ይርጋነሽ ዘንድ ገባች። ከዚያ ወዲህ በአባባ ደጃፍ ያለፈችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናታችን የሞተች ቀን ነው።

ተጣልተዋል ማለት አይቻልም። እሷ በየዓመት በዓሉ ጋቢና ስኳር ትልካለች፤ እሳቸው ማርና ሽምብራ ይልካሉ። እኔ የሁለቱ አህያ ሆኜ ተሸክሜ እመላለሳለሁ። ቃል ግን አይላላኩም። አንድ ቀን ተናድጄ “ምንድን ነው የምትፈልጊው?” ብላት፣ “ምንም። ብወድቅስ ደግሜ እፈተን አልነበር? ለምን እንደቸኮሉ ብቻ ከአፋቸው ብሰማ” አለችኝ። ከዚያ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። በእኛ አገር ደግሞ አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር አያስረዳም፤ ልጅ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ብትልክ እንኳ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይስቁባታል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ተሸክሞ እየመጣ ላፕቶፗን ሲያሽመደምድባት ጊዜ በዊንዶውስ ፋንታ ቫይረስ ብዙም የማይደፍረውን ሊኑክስ ጫንኩላት። የእጇ አንጓ ሲያማት ደግሞ ማውስ ገዛሁላት፤ ሽቦ የለውም፣ በአንዲት የባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ጥቂት ወራት ቆይታ “ገላው፣ ይኼ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ፣ ጠዋት ነቅዬ ሳየው ሃያ ከመቶ ይላል” አለችኝ። በስክሪኑ ጥግ ያለችውን የባትሪ ምልክት በጨረፍታ አየሁና “አርጅቷል” አልኳት። ደግሜ አላየሁም። ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ ስለሚሰካ ነገሩ ተረሳ።

በ2007 ጥቅምት ላይ የአባባ ጎረቤት አቶ ደምለው ሞቱ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ “ለተቸገረ ደራሽ፣ ለተጣላ አስታራቂ” ተባለ። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው አባባ በትራቸውን ተደግፈው ሰምተው፣ ቤት ስንገባ እንዲህ አሉኝ፦

“ደምለው ነው አስታራቂ? ከእኔ ጋር በድንበር ሃያ ዓመት ተካሶ የለ እንዴ! እኔ ስሞት እንዲህ እንዳይዋሽብኝ። የሺን ጥራልኝ። በቁሜ ነግሬያት ትጻፈው።”

ቢቸና ተመልሼ ለእታለም ነገርኳት። በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ዘግታ፣ ላፕቶፑን በቦርሳ አንግታ መናኸሪያ ቆማ አገኘኋት። ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን አልፈን፣ አቧራ ለብሰን ሞጣ ገባን፤ አደርን። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ቤቱ ውስጥ ተሰክቶ አደረ። የአባባ ቀበሌ ገና መብራት ስላልገባለት ያለን ተስፋ ያ ብቻ ነበር።

በነጋታው በእግር ስንደርስ አባባ ከደጅ፣ ወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። እታለም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

“ደህና ነሽ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?”

“አለሁ።”

በቃ፣ አለቀ። ያ ላፕቶፕ ባይኖር ኖሮ ሁለቱም ከዚያ አልፈው የሚሉት አልነበራቸውም። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተች፤ ማውሷን ከጎኗ ባለው ድንጋይ ላይ አኖረች። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

ሰባት ትውልድ ቆጠሩ። በሦስተኛው ቅድመ አያት ላይ የርስት ክርክር ገባ፤ በአራተኛው ላይ ወረርሽኝ። ከዚያ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት የገቡበት፣ ሳይጨርሱ የተመለሱበት መጣ። ከዚያ የመጀመሪያ በሬያቸው። የበሬው ቀለም፣ የበሬው ጠባይ፣ በሬውን የሸጠው ሰውዬ ጠባይ። እታለም ቀና ሳትል ትጽፋለች። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አባባን አያለሁ። ወደ ልጆቻቸው በተጠጉ ቁጥር በሬው ይመለሳል። የሚሸሹት ምን እንደሆነ ባላውቅም እየሸሹ እንደሆነ ገባኝ፤ እሷም ገብቷታል፤ ትከሻዋ ወደ ታች ወርዷል።

ድንገት እጇን አቆመች። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባትሪው ሊያልቅ ነው።”

“ስንት ቀረው?”

“ዘጠኝ ከመቶ።”

“ምን ያህል ያስጽፋል?”

“ምናልባት አምስት መስመር።”

እኔ አዋቂው ራሴን ነቀነቅሁ። “አርጅቷል አባባ፤ ድንገት ነው የሚጠፋው።”

አባባ የዝንብ ጭራቸውን መሬት አኖሩት። ላፕቶፑን ሊሞት እንደሚያጣጥር ሰው አዩት።

“በሬውን ተይው እንግዲያ” አሉ። “ጻፊ። በ1974 ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ሞጣ ገበያ ወርጄ የልጄን የየሺእመቤትን የፈተና ውጤት አየሁ። አልፋ ነበር።”

የጽሕፈት ሰው ተናጋሪው እስኪያበቃ እጁን አያቆምም። እታለም እጇን አላቆመችም። ቁልፎቹ ሲንጫጩ እሰማለሁ፤ ከእነሱ በቀር ምንም አልሰማም።

“ጻፍሽ?”

“ጻፍኩ።”

“ልድራት ለሰው ቃል ሰጥቼ ነበር። ማለፏን ካወቀች እምቢ ትላለች ብዬ፣ ወድቀሻል አልኳት። ዋሸኋት። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም።”

“እዚህ ላይ አራት ነጥብ ላድርግ?” አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

“ገና ነው። በደልኳት ብለሽ አድርጊ።”

አደረገች። ከዚያ ማውሷን ገፋ አደረገች፤ ጽሑፉን ልታስቀምጥ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት አልነቃነቅ አለ። እንደገና ገፋች። “ጠፋ! ገላው፣ ጠፋብኝ!” ብላ ጮኸች። በሕይወቴ እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ላፕቶፑን ከጉልበቷ ነጠቅሁ። ስክሪኑ ግን ብሩህ ነው። በጣቴ ከቁልፎቹ በታች ያለውን መዳሰሻ ነካሁት፤ ቀስቱ ሄደ። ጽሑፉን አስቀመጥኩ። ከዚያ ጥግ ያለችውን ምልክት አየሁ። ሰባ ስምንት ከመቶ ትላለች።

ያን ጊዜ በገዛ ጭንቅላቴ ላይ ድንጋይ ብወረውር ደስ ባለኝ። የጠፋው ማውሱ ነው፤ የውስጥ ድንጋዩ አለቀ። ሊኑክሱ የሁለቱንም ኃይል በአንዲት ምልክት እያሳየ፣ ደከም ያለውን አስቀድሞ ስንት ወር ሙሉ የማውሱን ቁጥር ሲነግረን ኖሮ፣ ማውሱ ሲጠፋ ነው የላፕቶፑን ያሳየን። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። አንዴ ጎንበስ ብዬ ባየው የማውቀው ነገር ነበር።

“ምን ሆነ?” አሉ አባባ።

እያፈርኩ ነገርኳቸው። “ዘጠኙ የዚች ማውስ ድንጋይ ነበር። ላፕቶፑ ገና ብዙ አለው፤ እስኪመሽ ይጽፋል።”

“እስኪመሽ?”

“አዎ አባባ።”

ማውሷን ተቀብለው በመዳፋቸው አገላበጧት። “ይህን ባውቅ በሬው ላይ በመሸልኝ ነበር” አሉ። ሳቅ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ወደ መሬት እያዩ፣ “የሺ፣ የተጻፈውን ማጥፋት ይቻላል?” ብለው ጠየቁ።

ተነሣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኼ ግን ወረቀት አይደለም፣ በአንድ ጣት የሚጠፋ ነው። አፌን ስከፍት እታለም ሳታየኝ እጇን አነሣችብኝ፤ ተቀመጥኩ።

“ይቻላል አባባ። እርስዎ ያሉትን ነው የማደርገው” አለች። ጣቷን ማጥፊያው ላይ አኑራ ጠበቀች። ዓይኗ ላፕቶፑ ላይ ነው። ቢሏት ኖሮ ታጠፋው ነበር፤ አውቃታለሁ።

“ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ይሰማዋል አይደል?”

“ይሰማዋል።”

አባባ ማውሷን ድንጋዩ ላይ መለሷት። ማዶ ከማሳው የሰው ድምፅ መጣና ሄደ።

“እንግዲያ መጀመሪያ ላይ አድርጊው” አሉ። “ከዘሩ በፊት።”

“የሕይወት ታሪክ እንዲያ አይጀመርም አባባ። መጀመሪያ ትውልድ ነው የሚመጣው።”

“የእኔ እንዲህ ይጀመራል።”

እታለም ያን አንቀጽ ከታች አንሥታ ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነች። ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፍታ “አልፌ ነበር?” አለች። “አልፈሽ ነበር፤ ከክፍሉ ሁለተኛ ነበርሽ” አሉና እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። እኔ ማውሱን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ሦስት ቀን ቆየን። ከዚያ በኋላ እታለም በየወሩ እየሄደች ሰባቱን ትውልድም፣ በሬውንም እያስነገረች ጨረሰችው። አባባ በግንቦት መጨረሻ አረፉ።

ከፍትሐቱ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወረቀቱን የማነበው እኔ ነበርኩ። አገር ምድሩ ቆሟል። “ከአባታቸው፣ ከእናታቸው” የሚለውን ለመስማት ሁሉም ተዘጋጅቷል። እኔም ያለሁትን ቦታ ሁሉ ረስቼ እንደ ተጻፈው አነበብኩ፦ “በ1974 ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ሞጣ ገበያ ወርጄ የልጄን የየሺእመቤትን የፈተና ውጤት አየሁ። አልፋ ነበር።”

ሕዝቡ ተያየ። ከሴቶቹ መካከል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለበሰችው ከእታለም፣ መምህር ስሟን ሲጠራ ተማሪ እንደምትመልሰው ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

“አቤት!” አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንበብ አቃተኝ። የአባባ ነፍስ አባት መምሬ ወልደ ኪዳን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ጨረሱት።