ቲቸር ዋጋ የጨመረችበት ወር

ይህን ጨዋታ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፎቅ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራው። የጫማዋ ሶል ተገንጥሎ፣ ማስቲሹ እስኪይዝ ድረስ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። እኔ እንግዲህ ጫማ ሰፊ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን የሰው ተረከዝ አነባለሁ፤ በዚህ የሚበልጠኝ የተማረ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር። ሰው ፊቱን ይደብቃል፣ ተረከዙን መደበቅ አይችልም። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ አፏን ሳትከፍት ነው የልጇን አስጠኚ ግማሽ ታሪክ የማውቀው፤ ለአስጠኚዋ በየወሩ ተረከዝ የምለውጥላት እኔ ነኛ።

አስጠኚዋ ቤት ለቤት እየዞረች ሂሳብ የምታስጠና ልጅ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ይላታል፤ ልጆቹ ግን በሌለችበት ክፍልፋይ ነው የሚሏት፤ ያገኘችውን ሁሉ ቆርጣ ስለምታስተምር። ብርቱካን ትቆርጣለች፣ ወረቀት ትቆርጣለች። አንዴ የአንዲት ተማሪ እናት ገና ከወረቀቱ ያወጣችውን ሳሙና ቲቸር በአራት ከፍላለች ይባላል። ሳሙናውን በዓይኔ አላየሁትም፣ አልዋሽም።

ታዲያ አንድ ቀን አከራይዋ የቲቸርን በር አንኳኳች። «ልጄ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ ጨምሯል። ያ መስኮት ሲዘጋ አሁንም ይጮሃል እንዴ?» አለቻት። በቃ። ዋጋ ጨመረች፣ ስለ መስኮት ጠየቀች፣ ሄደች። ቲቸር በሩን ይዛ ቆመችና ቀናችባት። እንደዚህ ቀላል ነው እንዴ?

ለሷ ቀላል አልነበረማ። አዲስ ለሚመጣ ሰው ዋጋዋን ትናገራለች፤ አያውቃት አታውቀው፣ ምን ቸገራት። ከመጀመሪያ ጀምሮ አብረዋት ያሉ ሦስት ቤቶች ግን እስካሁን የሚከፍሏት የዛን ጊዜውን ነው፤ ጀማሪ ሆና የሰጧትን ስትቀበል የነበረውን። ሻይ ያጠጧታል፣ ሲታመሙ ትጠይቃለች፤ ይሉኝታ ያዛት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሷ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ የሕንጻ መሣሪያ መደብር አለው። በስልክ፣ «ተይውና ነይ፣ ሂሳብ ተቀባይ ሁኚልኝ» ይላታል። «የምስማር ደንበኛ ይሉኝታ አያውቅም። ዋጋውን ትነግሪዋለሽ፤ ይከፍላል ወይ ይሄዳል።»

«ልጆቹ ፈተና አለባቸው እኮ ወንድሜ።»

«እንግዲያው ሰዓቱን ሸርፊው። ዳቦ ቤቶች ምን እንደሚያደርጉ አላየሽም? ዋጋው ያው ነው፣ ዳቦው ነው የሚያንሰው።»

«ዳቦ ሲያንስ ሰው ሁለት ይበላል። ግማሽ ትምህርት ይዞ ፈተና የገባ ልጅ የት ሄዶ ይሞላዋል?»

«እሺ፣ ኪራዩን መክፈል ካቃተሽ ግን ወሩ ሲያልቅ መኪና እልክልሻለሁ። እዚያ በዕዳ አትታሰሪ።»

እሷም እሺ አለች። እንግዲህ ወይ ሦስቱን ቤቶች ማናገር ነው፣ ወይ ልጆቹን ትቶ ምስማር መቁጠር።

እኔን ብትጠይቀኝ ኖሮ እመክራት ነበር። እኔ ዋጋ ስጨምር ደንበኛው ጫማውን አውልቆ ከሰጠኝ በኋላ ነው የምናገረው። በባዶ እግሩ ሆኖ የሚከራከር ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ግን አስጠኚ ምን ታድርግ፤ የልጅ ጭንቅላት አውልቃ ጉልበቷ ላይ አታስቀምጥ።

ከሦስቱ መጀመሪያ ባለመድኃኒት ቤቷ ዘንድ ሄደች። ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ናት፣ ሳሎኗም ንጹሕ ነው፤ ብናኝ እንኳ ፈቃድ ጠይቆ የሚገባበት። ቲቸር በደረቁ ዋጋ ጨምሪ ማለት ነውር መሰላትና በምስጋና ጀመረች።

«ልጅዎ በጣም ተለውጧል። ድሮ የሚያስለቅሰውን አሁን እያፏጨ ነው የሚሠራው። እኔ ሳልነግረው ስህተቱን ራሱ ያገኛል።»

«ተመስገን። ብቻውን ይሠራል ነው የምትይኝ?»

«ብቻውን። እና ስለዚህ...»

«ገባኝ የኔ እህት፣ አትጨነቂ። እንግዲህ ካንቺ የሚፈለገው አብቅቷል ማለት ነው። መቼም ስላንቺ ለሰው ሁሉ ነው የምናገረው።» ተነሥታ አቀፈቻት፣ የእጅ ቅባትም ሰጠቻት። ቲቸር ቅባቱን ይዛ፣ አመስግና፣ ደረጃውን ወረደች። ታች ስትደርስ ነው አንድ ቤት በገዛ አፏ እንደዘጋች የገባት።

እውነቱን እንናገር ካልን ልጁም ችሏል። ማስተማር የተረገመ ሥራ ነው፤ በደንብ ከሠራኸው ደንበኛህን ታጣለህ። እኔም ድሮ ሶል ስሰፋ በጣም ስለሚጠብቅ ሰዎች ዓመት ሙሉ አይመለሱም ነበር። አንዱ እንዲያውም ጫማውን ለልጁ አወረሰው። ኋላ ግን... ተዉት፣ ይሄ የሷ ጨዋታ ነው።

እንግዲህ ምስጋና ካከሰረኝ በተቃራኒው ልሂድ ብላ ወደ ባለጋራዡ ሄደች። እሱ በሩቅ ሲያዩት የሚጣላ የሚመስል፣ ሲቀርቡት ግን የሚቀልድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ልጁ ገና ነው፤ ብዙ ይቀረዋል» አለችው። «ብዙ ሥራ አለብን። ስለዚህ ዋጋው ላይ ትንሽ ብንጨምር ብዬ...»

ባለጋራዡ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማትና፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ያንቺ መኪና እኔ ጋራዥ ሦስት ዓመት ቆማ፣ አሁንም አትነሳም፣ ስለዚህ ዋጋ ጨምሪልኝ ብልሽ ምን ትይኛለሽ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፤ በድሮው ዋጋ ወጣች። ሳቁ ጥርሷ ላይ ደርቆ ነው አሉ ቤቷ የደረሰችው።

የቀረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። እሷን ግን ላትጠይቅ ወስናለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንድ የስፌት መኪና ልጅ የምታሳድግ፣ ሥራዋም የቀዘቀዘባት ሴት ናት። በማስጠኛው ቀን ሄዳ፣ ልጅቷን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እንደ ወትሮው አስጠናቻት። ሲጨርሱ፣ «እትዬ፣ ምናልባት ወሩ ሲያልቅ ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች። «ባለጋራዡ ቱታውን ሊያስጠግን መጥቶ ነበር። ዋጋ ጨምር ብላኝ አስቄያት ሄደች አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኔንስ መቼ ነው የምትጠይቂኝ?»

«እርስዎን እንኳ...»

«እኔን እንኳ ምን?»

«ሥራ እንደቀዘቀዘ ስለማውቅ ነው እትዬ። አይዘኑብኝ።»

«ኪሴን ማን ለካልሽ? ሜትሩ ያለው እኔ አንገት ላይ ነው።» ድምጿን አልጨመረችም፤ እሷ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ ሴት ናት። «የባለጋራዡ ልጅ በዋጋ ይማራል፣ የኔዋ በምጽዋት? ስታዝኚልኝ ከርመሽ ደግሞ ሹልክ ብለሽ ልትሄጂ ነው። ተቀመጪና ዋጋሽን ንገሪኝ።»

ቲቸር ፊቷ ጋለ። ልጅቷ እርሳሷን ነክሳ ታያቸዋለች። ስለ ልጅቷ ጉብዝናም ስለ ድክመቷም የምትለው ነገር አልመጣላትም፤ እንዲሁ አፏ ተከፈተ። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በድሮው ላይ ግማሹን እጨምራለሁ። ኪራይ ጨምሮብኛል፤ አዲሶቹም የሚከፍሉኝ ይህንኑ ነው።»

ጣሪያው አልወደቀም።

«ግማሽ በዛ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሲሶ ጨምሪ።»

«ግማሽ ነው እትዬ።»

«ሲሶና አንድ ቀሚስ።»

«ቀሚስ አለኝ።»

«ይሄ የለበሽው ከሆነ የለሽም።»

ልጅቷ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ቲቸርም ሳቀች፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ከሆድ ነው። «ግማሽ» አለች እንደገና፤ ቃሉ እየጣፈጣት መጣ።

«እሺ፣ ግማሽ። አንቺ ልጅ ለካ አፍ አለሽ። በይ አሁን ሳይቀዘቅዝብሽ ወደዚያ ጋራዥ ሂጂ።»

ሄደች። ባለጋራዡ መኪና ሥር ገብቶ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ቲቸር ለጫማዎቹ ነገረቻቸው። «ጋሼ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዋጋዬ በድሮው ላይ ግማሽ ጨምሯል።»

ጫማዎቹ ተነቃነቁ። ሰውየው በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣ። «ዛሬ ልጁ ሰነፍ ነው አትይም?»

«ስለ ልጁ በትምህርቱ ቀን እንነጋገራለን። ይሄ ስለ ዋጋ ነው።»

«በድሮው ዋጋ የሚያስጠናልኝ ሌላ ሰው ባገኝስ?»

«ያግኙ። ይህን ወር ግን ጀምሬዋለሁ፣ እጨርስለታለሁ።»

ባለጋራዡ መሬቱ ላይ እንደተቀመጠ አያት። «ያኔ እንዲህ ብትይኝ ኖሮ አልቀልድም ነበር» አለ። «ስለ ልጄ ስታወሪ አባት ሆኜ ነው የሰማሁሽ፣ ደነገጥኩ። ዋጋ ሲሆን ግን እኔም ነጋዴ ነኝ።» ኪሱ ገባና የሚቀጥለውን ወር ሙሉ በአዲሱ ዋጋ ቆጥሮ ሰጣት። «ቀብድ ነው። ቀብድ ሳልይዝ እኔም ብሎን አልፈታም።»

ቲቸር ያንን ግራሶ የነካውን ገንዘብ ለአከራይዋ ወሰደች። አከራይዋ በሁለት ጣት ይዛ አሸተተችው፤ ተቀበለችው ግን። ለወንድሟም ደውላ መኪናውን አትላክ አለችው። «ምስማሩን ማን ሊቆጥርልኝ ነው?» ብሎ አኮረፈ። ባለመድኃኒት ቤቷ ደግሞ ቃሏን ጠብቃ ስለ ቲቸር ለሰው ሁሉ አወራች፤ በልጇ ሰዓት የጎረቤቷ ሴት ልጅ ገባች፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው ቀን ተነገረ።

አዲሱ ዋጋ የጀመረበት ወር ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ትንሽ ጎድሏል። የሠራችለት አንድ ሰው ሱሪውን ሳይወስድ ጠፍቶባት ነው።

«የጎደለውን ይተዉት እትዬ» አለች ቲቸር።

«ደግሞ ጀመረሽ? አልተውም። አለብዎት በይኝ።»

ቲቸር ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ትንሽ አመነታች።

«እሺ» አለች። «አለብዎት።»