«ቤቱ ያንቺ ነው»

ልጅ ሳለሁ አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው፤ ለሰፈሩ ደግሞ ጋሽ ቦጋለ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በመንግሥት መኪና ሹፌርነት ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከሐዋሳ ፒያሳ ብዙም በማይርቀው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው ተረት መንገር ሥራቸው ሆነ። ያኔ ሐዋሳ ላይ መብራት ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚሄድ እንግዳ ነበርና፣ ሲመሽ አክስቴ ዓለም ፋኖሱን ታንጠለጥላለች፣ ከሰሉ ላይ የበቆሎ እሸት ትደረድራለች፤ እኛም ከጭሱ ለመሸሽ እየተገፋፋን፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣውን ንፋስና ቢምቢ በአንድ ጋቢ ተከላክለን እንሰማለን።

ከሁሉ የምወደው የአንበሳውን ተረት ነበር። አንበሳው አርጅቶ ጥርሱ ይረግፋል፤ እንስሳቱ ግን ዋሻውን ለማን እንደሚተው ሊጠይቁት ይፈራሉ። በመጨረሻ ጥንቸል ደፍራ ብትጠይቀው ተቆጥቶ ያባርራታል። ሲሞት ጅብ ከነብር፣ ነብር ከከርከሮ ሲናከሱ፣ ጃርት ዝም ብላ ገብታ ትተኛበታለች። አባባ እንደ ጃርቷ ሲያንኮራፉ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

«አንበሳው ለምን አልተናገረም?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«ጌታው እንደሚሞት መቼ አመነና!» አሉኝ፣ ከጢማቸው ላይ የበቆሎ ፍርፋሪ እያራገፉ።

አባባ አንድ ደግ አመል ነበራቸው። ደጃቸውን ለረገጠ ሁሉ «ቤትህ ነው፣ ተጫወት» ይላሉ፤ እንግዳም እንዲህ ሲባል አመስግኖ ይቀመጣል እንጂ የቤቱን ካርታ አምጡ አይልም። ለልጆቻቸው ሲሆን ግን ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር። አባቴ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሲጠግን «ለራስህ ነው የምትለፋው፣ ቤቱ ያንተ ነው» ይሉታል። አጎቴ ተስፋዬ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶውን አንጠልጥሎ ሲመጣ «የምታስበኝ አንተ ነህ፤ ቤቱም ያንተ ነው» ይሉታል። ሳታገባ አብራቸው የቀረችው አክስቴ ዓለም እግራቸውን ስታጥብ ደግሞ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ካንቺ ወዲያ ማን አለኝ? ቤቱ ያንቺ ነው» ይሏታል። ሦስቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያኔ ምርቃት ይመስለኝ ነበር፤ ምናልባትም ምርቃት ነበር።

አንድ እሁድ ልጆቻቸው ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ጎረቤታችን አቶ ላሚሶ ከቸርች ሲመለሱ ጎራ አሉ። «ጋሽ ቦጋለ፣ የቤቱን ነገር በጤናዎ ሳሉ በኑዛዜ ቢያስቀምጡትስ? አራት ምስክር ፊት ተነቦ ይፈረማል፣ አለቀ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል የምትሉት እናንተው አይደላችሁም?»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አባቴ «ኧረ ሟርት ነው፣ ይተዉ ጋሽ ላሚሶ!» ብሎ ብድግ አለ። አክስቴ አማተበች። አባባም «ምነው፣ ልትቀብሩኝ ቸኮላችሁ?» ብለው ሳቁ፤ ሁላችንም ሳቅን። እኛ ቤት ኑዛዜ ትንፋሽ ሲያጥር ቄስ ተጠርቶ የሚነገር ነገር ነበር እንጂ፣ ጤነኛ ሰው እሁድ ቀን በረንዳ ላይ የሚያወራው አልነበረም።

የአባባ ትንፋሽ ግን ቄስም ልጅም አልጠበቀም። አንድ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ቀሩ።

አርባቸው በወጣ ማግስት ሦስቱ ልጆች ሽማግሌ ፊት ተቀመጡ። አክስቴ «ቤቱን ለእኔ ብለውኛል» አለች። የአባቴ ፊት ተለዋወጠ፤ «ለእኔ ነው ያሉት» አለ። አጎቴ ደግሞ መስቀል ይምጣልኝና ልማል አለ። ከሦስቱ አንዳቸውም አልዋሹም፤ ክፋቱ ሁሉም ሌላው ዋሽቷል ብሎ ማመኑ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ናቸውና፣ ለሦስት መቆረስ ያልቻለው ቤት ተሸጦ ተካፈሉት። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከኖረችበት ግቢ ዕቃዋን ጭና ከከተማው ዳር ቱላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። እነ አባቴ ከዚያ ወዲያ በለቅሶ እንኳ ጎን ለጎን አልተቀመጡም።

እኛም ከአጎቴ ልጆች ጋር በአንድ ጋቢ የተጠቀለልነው ሰዎች፣ ዛሬ ፒያሳ ላይ ብንገናኝ ስልካችንን እያየን እንተላለፋለን። ይናፍቁኛል። ከጭሱ ስንሸሽ ክርናቸው ጎኔን ሲወጋኝ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ አንዱን እሸት ለሦስት መቀማማታችን፣ ሁሉም ይናፍቀኛል።

ባለፈው ዓመት እኔም ባለቤቴም የየራሳችንን ኑዛዜ አጻፍን። ልጆቼንም አንድ ላይ አስቀምጬ ነገርኳቸው፤ ትንሹ «እማዬ፣ ልትሞቺ ነው?» ብሎ አለቀሰብኝና አባብዬ አስተኛሁት።

በዚያው ሰሞን ቱላ ሄጄ ለአክስቴ ዓለም አወራኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። «ደግ አደረግሽ» አለችኝና፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «ቤቱስ ይሂድ፤ ሄዷል። አንቺ ግን እዚያው ነበርሽ አይደል? እግራቸውን ሳጥብ ያሉኝ… ከልባቸው ነበር?» አለች።

«ከልባቸው ነበር» አልኳት።

እውነቴን ነው። ለሦስቱም ከልባቸው ነበር።