በጋቢ የጠቀለልኩት ቱቦ

ሞኝ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ ሚስቴ ምስክሬ ናት። የልጆች አባት፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ሆኜ፣ ሰው ጥላውን በሚጠራጠርበት በዚያ ሰሞን ረዘም ያለ የውኃ ቱቦ በጋቢ ጠቅልዬ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ በቆቦ አስፋልት ላይ መሃል ለመሃል ሄድኩ። ጋቢው ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው መስተዋት እንዳይቧጨር ነበር። ሰዉ ከሩቅ እያየኝ መንገድ ሲለቅልኝ፣ ሱቅ ሁሉ በሩን ገርበብ ሲያደርግልኝ፣ "ዛሬስ ምነው እንዲህ ተከበርኩ?" እያልኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ሮቢት መውጫ ኬላው ላይ አስቆሙኝ።

"ቁም! ምንድን ነው እሱ?"

"ቴሌስኮፕ ነው። ሩቅ ያለ ነገር ማያ።"

"ምን ልታይበት?"

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። ግን ቀልድ ከመጣብኝ መዋጥ አልችልም።

"የዛሬ ዒላማዬ ጁፒተር ነው" አልኳቸው።

"ዒላማ" የምትለዋ ቃል ከአፌ ወጥታ ሳትጨርስ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ ነበር።

የገባሁበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነው። የማሽላው ትቢያ ከግድግዳው አልወጣም፤ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ይነሳና ያስነጥሳል። በሩ ሥር የሽንት ባልዲ አለ። የጣራው ቆርቆሮ አንድ የምስማር ቀዳዳ ነበረችው፤ በሷ የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ትንሽ ክብ ሠርቶ ቀስ እያለ ይሄዳል።

"ያቺ ክብ የፀሐይ ምስል ናት" አልኩ ከመቀመጤ። "ቀዳዳዋ አራት ማዕዘን ብትሆን እንኳ ብርሃኑ ክብ ነው የሚሆነው።"

በሰዓት እላፊ የተያዘ አንድ የባጃጅ ሾፌር አጠገቤ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

"ቲቸር ነህ አይደል?"

"በምን አወቅህ?"

"ሰው ታስሮ ሲገባ ያለቅሳል፤ አንተ ትምህርት ጀመርክ። ምን አርገህ ነው?"

"ኮከብ ለማየት ስል።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። ከጎብዬ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው። ልጅህ የት ነው ተብለው፣ አላውቅም ብለው ነው የገቡት። ከንፈራቸው በጦም ደርቋል። የረመዳን መጨረሻ ነበር፤ የኛም ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር እኔም ጦመኛ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለምርመራ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ቱቦዬ፣ ቻርጁ ያለቀ ስልኬ፣ ከካርቶን ቆርጬ የሠራኋት የኮከብ ካርታ ተደርድረዋል። ጋቢዬ ወንበሩ ላይ ታጥፏል። መርማሪው ወጣት ነው፤ እንቅልፍ የራቀው ዓይን አለው።

"ጁፒተር ማን ነው?"

"ፕላኔት ነው።"

"የት ነው ያለው?"

"ሲመሽ ከራሳችን በላይ ይሆናል።"

ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከዚያ እንዳየ ማየቴን አየና ተናደደ።

"እነዚህ ነጥቦችስ?"

"ኮከቦች።"

"ትልልቆቹ?"

"ደመቅ የሚሉት።"

ስለ ቱቦው የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ከፊት ያለው የንባብ መነጽር ነው፣ ፕላስ አንድ፤ እዚሁ ገበያ ላይ ከአዟሪ የገዛሁት። ከኋላ ያለው የሰዓት ሠሪ ማጉያ ነው። ውስጡን በከሰል አጥቁሬዋለሁ። ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል።

"ማንም ሰው?" አለ። "ማን ማን ሠርቷል?"

"ተማሪዎቼ። ክበብ አለን።"

እንዳልኩት ምላሴን ነከስኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ወደኔ ገፋ።

"ስማቸውን ጻፍ።"

ወረቀቱን አየሁት። ቀልዱ ሁሉ ከሆዴ ጠፋ።

"ስም አላስታውስም" አልኩ። "ፈተና እንኳ የማርመው በተራ ቁጥር ነው።"

ወረቀቱ ባዶውን መሃላችን ተቀምጧል።

"በቱቦ ጁፒተር አይታይም" አለ በመጨረሻ። "ነገ መኪና ይመጣል። ዞን ሄደህ ታስታውሳለህ።"

ዞን ከሄዱት ውስጥ ተመልሶ ያወራን ሰው አልነበረም። ክፉ ገጠማቸው አልልም፤ አላውቅም። ስንቅ የሚያደርሱ ዘመዶች ግን የት እንደሚወስዱ ጠፍቷቸው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ኔትወርክ የለም፤ ሚስቴ መታሰሬን ሰምታ እንደሁ እንኳ አላውቅም ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ የብርሃኗ ክብ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ተሻግራለች። ሽማግሌው በእጃቸው ጠሩኝ።

"መምህር፣ ጨረቃም ታያለህ?"

"እንዳላይ እኮ ነው ያሰሩኝ አባባ።"

አልሳቁም። "ዛሬ ሃያ ዘጠኛችን ነው። መብራቱ ጠፍቶ የመስጊዱ ድምጽ ማጉያ ዲዳ ሆኗል። ስልክ የለ፤ ከሌላ አገር ታየች የሚል ወሬ አይመጣ። እኛ ኮረብታ ወጥተን ነበር የምናያት። ይቺ ቆቦ ደግሞ ምዕራቧ ተራራ ነው፤ ቀጭኗን ጨረቃ ሳትታይ ይውጣታል።"

"ካልታየችስ?"

"ሠላሳ እንሞላለን። ግን ወጥታ ኖሮ እኛ ሳናያት ብንቀር፣ ዒድን ልንጦመው ነው። የዒድ ጦም ሐራም ነው።"

"ሳያውቁ ነዋ አባባ። አላህ ይምርዎታል።"

"ይምረኛል። ግን ዕድሜዬን ሙሉ በዓይኔ አይቼ ነው የፈታሁት።"

ከመታሰሬ በፊት ስልኬ ላይ ባለው የሰማይ ፕሮግራም አይቻት ነበር። በነጻ የሚወርድ ነው፤ አንዴ ካወረዱት ኔትወርክ አይለምንም። በዚያን ዕለት ማታ ጨረቃ ፀሐይ ከገባችበት በላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ መሆን ነበረባት። ሰማዩ ሳይጨልም ተራራው ይደርስባታል፤ በባዶ ዓይን መፈለግ ገለባ ውስጥ መርፌ ነው። በቱቦው ግን...

"ቱቦዬ ቢኖር አሳይዎት ነበር" አልኩ። ምኞቴን ነው ያወራሁት።

ሽማግሌው ተነሱና በሩን መቱ። ዋርድያው መጣ፤ እሱም ጦመኛ ነው።

"የኔ ልጅ፣ ነገ ዒድ ነው ወይስ ጦም?"

"ኧረ እኔስ በምን ዐውቄ አባባ? ሰዉ ሁሉ እየተጠያየቀ ነው።"

"ሂድና ለአለቃህ ንገረው። የሚያውቅ ሰው እዚህ ቆልፋችሁበታል በለው።"

ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ሄደ። ሊመሽ ሲል ሽማግሌውንና እኔን ግቢው ውስጥ አወጡን። መርማሪው ቱቦውን ይዞ ቆሟል።

"ማስረጃ ነው" አለ። "እኔ ነኝ የምይዘው። አንተ እጅህን አታሳርፍም።"

"ፀሐይ ተራራው ኋላ ሙሉ በሙሉ እስክትገባ ማንም ዓይኑን እንዳያስጠጋ። ዓይን ያጠፋል።"

ጠበቅን። ገባች። መርማሪው ቱቦውን በትከሻው አነሳና አፉን ወደ ተራራው አዞረ። በሩ ላይ የነበረው ዘብ ይህን ሲያይ "በስመ አብ!" ብሎ በሆዱ ተኛ።

"ተነስ፣ ጨረቃ ነው!" ብሎ ጮኸበት መርማሪው። ፊቱ ቀላ። ያን ጊዜ እኔ ኬላው ላይ ምን እንደመሰልኩ ገባኝ፤ እሱም የገባው ይመስለኛል።

ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣት። ተራራው እየጠቆረ ነው። በመጨረሻ ቱቦውን አቀበለኝ። ዋርድያውን ጎንበስ በል አልኩና ትከሻው ላይ አስደገፍኩት።

ቀስ ብዬ ወደ ግራ፣ ቀስ ብዬ ወደ ላይ። ባዶ ሰማይ። እንደገና። ባዶ። እሷን ካጣኋት የውኃ ቱቦ የያዘ እስረኛ ነኝ፤ ነገ ደግሞ መኪናው አለ። ትንሽ ዝቅ ሳደርገው፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች፣ መጣች።

አልጮኽኩም። ወደ ኋላ አልኩና "አባባ፣ ይምጡ" አልኩ።

አጎንብሰው ዓይናቸውን አስጠጉ።

"ምነው ተደፋች?"

"መስተዋቶቹ ናቸው የሚገለብጧት። እሷስ ደህና ናት።"

ዓይናቸውን አንስተው ቱቦው የሚያመለክተውን አቅጣጫ በባዶ ዓይናቸው ተከተሉ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱ።

"ያትና" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። ያትና።"

"እኔስ?" አለ ዋርድያው ከቱቦው ሥር። "እኔ አግዳሚ ሆኜ ልቅር?"

እሱም አየ። መርማሪው መጨረሻ ላይ አጎነበሰ። ተራራው እስኪውጣት ድረስ ቀና አላለም።

"ይሄ ብቻ ነው?" አለኝ።

"ይሄ ብቻ ነው።"

ቱቦውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቢሮው ገባና ጋቢዬን ይዞ ተመለሰ። "ይውሰዱት" አለ። "ማስረጃው ቱቦው ብቻ ነው።" እስከዚያች ሰዓት "አንተ" ነበርኩ።

ያን ምሽት፣ ዋርድያው ለመስጊዱ ነግሮ ኖሮ፣ የዒድ ማብሰሪያው ተክቢራ ያለ ድምጽ ማጉያ፣ በሰው ጉሮሮ ብቻ፣ ከመንደር መንደር እየተቀባበለ ሲመጣ ሰማነው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አዳመጡ።

ጠዋት የመኪናው ሞተር ግቢው ውስጥ ተሰማ። ስም ተጠራ። ከጎረቤት ክፍል ነበር። እኔ ጋ እስኪደርስ ጠበቅኩ፤ አልደረሰም። መኪናው ወጣ። ያገኘሁት ነገር ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ባልዲው ነበር። ክዳን አልነበረውም። የባጃጁ ሾፌር እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ የኔ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ እዚሁ ቆቦ ያገባችው የሽማግሌው ሴት ልጅ የዒድ ምግብ አመጣች። ሥጋውን ለብቻ፣ ሌላ አነስ ያለ ሳህን ደግሞ ለብቻ። ማታ ዋርድያውን ልከውባት ነበር።

"ይሄ ሽሮ የጦመኛው ነው" አለች በበሩ ቀዳዳ። "ድስቱም ማማሰያውም ሌላ ነው፤ ቅቤ አልነካውም በሉት።"

ሽማግሌው ወር ሙሉ ጦመው የመጣላቸውን ሥጋ አልነኩም። ሳህኑን ወደኔ አስጠጉ።

"ጀምር።"

"ኧረ አባባ፣ ዒዱ የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ይቅደሙ።"

"እዚህ ቤት አባወራው እኔ ነኝ" አሉ። "እንግዳዬ ሳይበላ አልበላም።"

ያን ትቢያ የሞላው መጋዘን ቤት አደረጉት። በላሁ። ከዚያ በሉ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መርማሪው ጠርቶ ቱቦዬን ሰጠኝ። "መምህር፣ ሁለተኛ በጋቢ እንዳይጠቀልሉት" ነበር ስንብቱ። ሽማግሌው ከኔ ዘግይተው ተፈቱ። ስለ ወንዱ ልጃቸው አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አላነሱም።

ዛሬ ቱቦው ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ራቁቱን ነው የምሸከመው። ልጆች ከኋላዬ ይከተሉኛል። ሰማይ ማየት የሚፈልግ ሰው ምን ያስፈልገኛል ሲለኝ የንባብ መነጽር፣ ቱቦ፣ ከሰልና ትዕግሥት እላለሁ፤ ከሁሉም በፊት ግን ሂድና ለቀበሌው ንገር። ክበቡም አለ። ስማቸውን ዛሬም አላስታውስም።

አሁን በቅርብ ጊዜ ቆቦ ገበያ ላይ ሽማግሌውን አገኘኋቸው፤ ማሽላ ሊሸጡ መጥተው። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ረመዳን እየተጋመሰ ነበር።

"ለሃያ ዘጠኙ እኛ ዘንድ ኮረብታው ላይ እንጠብቅሃለን" አሉኝ። "ያን ቱቦህን ይዘህ ና። ዘንድሮ ግን፣ አደራ፣ ሳትታሰር ና።"