በአንድ መስመር የተሰረዘች

ስድስት ደብተር በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ከላይ ልጫነው ብሎ እጁን ሲዘረጋ ከለከልኩት።

«ምንድነው አባት፣ ወርቅ ነው እንዴ?»

«ወርቅማ ቢሆን ከላይ ትጭነው ነበር» አልኩት።

ገዋኔን አልፈን ሚሌ እስክንደርስ ጭኔ ላይ ነበር። ሚሌ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ምሳ ሊበላ ሲወርድ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ስምንት ዓመት የጻፍኩትን መጽሐፍ ትቼ ለጥብስ አልወርድም።

መጽሐፉ «ያለ አስተማሪ» ይባላል። ሐዲድ ላይ ድንጋይ ሲጠቀጥቅ የነበረ የቀን ሠራተኛ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ፉርጎ ላይ ከተጻፈ ጽሑፍ ፊደል ለይቶ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ መዝገብ ያዥ ስለመሆኑ ይተርካል። ሰውየው እኔ ነኝ። በየምዕራፉ መጨረሻ ለወጣቶች ምክር አለ። ሰበብ የሚያበዛ ሰው አልወድም፤ ልጆቼንም ያሳደግኳቸው «እኔ ማን ነበረኝ?» እያልኩ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አርታኢ ግን ደብተሮቹን አገላብጦ ካየ በኋላ «ይሄ ገና ረቂቅ ነው። ምክር በዝቶበታል፣ ሰው አንሶታል። ይተየብና ይጥራ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብሎ መለሰልኝ። ተናደድኩ። ይሁን እንጂ የታዘዝኩትን ሥራ ሳልሠራ ቀርቼ አላውቅም።

ሴት ልጄ ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው። ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ጣቶቿ ዓይኗን ሳይጠብቁ ይጽፋሉ። ለአንድ ሳምንት ብዬ ሄድኩ።

ሰመራ በዚያ ወር ሰው ከቤት አያስወጣም። ረፋድ ላይ የበሩ እጀታ በጨርቅ ካልተያዘ አይነካም፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የተጣደ ይመስላል። የልጄ ቤት አንድ ክፍል ነው። አልጋዋ፣ ጠረጴዛዋ፣ ሁለት ወንበር፣ ከበሩ በላይ የሚያጉረመርም ኤሲ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በሚወርድበትና በሚሳፈርበት ቦታ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሽርጥ ታጥቄ ስቀመጥ በሩ የተዘጋበት ፉርጎ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ሥራውን የጀመርነው በጣቢያ ደንብ ነው። ድሮ ወደሚቀጥለው ጣቢያ በስልክ መልእክት ስናስተላልፍ፣ ተቀባዩ ቃል በቃል መልሶ ካላነበበ ባቡሩ አይለቀቅም ነበር። ልጄ ማልዳ ቢሮ ገብታ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ለረጅሙ የምሳ ዕረፍት ትመጣለች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትተይባለች፣ ከዚያ መልሳ ታነብልኛለች። ልክ ከሆነ «ይለፍ» እላለሁ።

«አባዬ፣ ‹ይለፍ› ባትል እኮ አንቀጹ ከሌላ አንቀጽ ጋር አይጋጭም» አለችኝ በሁለተኛው ቀን።

«እንዳንቺ ያለ ቀልደኛ ነው ባቡር የሚያጋጨው» አልኳት።

ስለ ደብተሮቹ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በጣቢያ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም። ምላጭም ላጲስም ክልክል ነው። ስህተቱ ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ዳር ላይ ይፈረማል። ይህን ያዘዘው ደንብ ከእጄ አልወጣም፤ መጽሐፌንም የጻፍኩት እንደዚያው ነው። ለልጄ ማሳየት እስኪመጣ ድረስ በዚህ እኮራ ነበር። አንባቢው እኔ ስሆን የተሰረዘውን ዘልዬ ከላዩ ያለውን ብቻ ነው የማነበው።

ጎረቤቷ የአፋር ልጅ ናት፣ የጤና ባለሙያ። የሷ ኤሲ ስለተበላሸ በምሳ ሰዓት እየመጣች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና ታዳምጣለች። «አባባ ባቡር» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ሳነብ አቋረጠችኝ።

«አባባ ባቡር፣ ወላሂ አይቆጡኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«በዚህ መጽሐፍ ሴት የለችም እንዴ? ልጆቹን ባቡሩ ነው የወለደልዎት?»

ልጄ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ። «የሥራ መጽሐፍ ነው» አልኩ። ጎረቤቷ ወደ ሥራዋ ከሄደች በኋላ ልጄ መሳቋን ተወች።

«እውነቷን ነው ግን። እማዬ የት አለች?»

«አንደኛው ደብተር ላይ አለች። ማግባቴ ተጽፏል።»

«አንድ መስመር ነው። ድምፅህ ደክሟል፤ ደብተሩን ስጠኝ፣ ራሴ እያየሁ ልተይብ።»

አልሰጥም ማለት እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? ሰው ልትረዳው የተቀመጠችን ልጅ ደብተር አይነፍግም። ሰጠኋት። መተየቧን ሰማሁ። መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለውን እርጥብ አንሶላ እያየሁ ጠበቅኩ።

«አባዬ፣ ከታች ያለውን ነው የምተይበው ወይስ ከላይ ያለውን?»

«የትኛውን?»

«ከታች፣ ‹ፊደል ያስቆጠረችኝ ባለቤቴ ናት› ይላል። ተሰምሮበታል። ከላዩ ‹ፊደልን ከፉርጎ ላይ ለየሁ› ይላል። ፊርማህ አለበት።»

«የተሰረዘ አይተየብም።»

«የሰረዝከው ውሸት ስለሆነ ነው?»

እኔ ልጆቼን በውሸት ምክንያት ያንበረከክሁ ሰው ነኝ። ይህችንም ልጅ፣ የጠፋ እርሳስ አላየሁም ስላለች፣ ጣቢያው ግቢ ጠጠር ላይ አንበርክኬያታለሁ። አሁን ጸጉሯ ሸብቷል፤ ፊቴ ተቀምጣ መልስ ትጠብቃለች።

«አይደለም» አልኩ።

«እማዬ ማንበብ አትችልም ነበር።»

«ነፍሷን ይማርና፣ ትችል ነበር። ከማግባታችን በፊት ድሬዳዋ አራተኛ ክፍል ደርሳለች።»

ልጄ ላፕቶፑን ዘጋችው። «ተረት ሳነብላት መስመር ከዘለልኩ ‹እዚያ ጋ ተመለሺ› ትለኝ ነበር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «ከድምፄ የምታውቀው ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጡ ሲሉን አንተን የምጠራው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? በእሷ አፍሬ ነው። ፈርሚ ሲሏት በአሻራ እንዳትፈርም ብዬ።»

«ሰማሽ ወይ፣ እኔ...»

«መጽሐፍ ላይ እንዲህ ተሰርዞ የሚነበብ ነገር የለም አባዬ። ወይ ትኖራለች፣ ወይ አትኖርም። ካልኖረች ሌላ ጸሐፊ ፈልግ።»

ጫማዋን አድርጋ ወደ ቢሮዋ ሄደች። ሰዓቷ ገና ነበር።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ኤሲው አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። ደብተሮቹን ጠቅልዬ አሰርኩ፤ በላስቲኩ ላይ ላቤ ሲንጠባጠብ አያለሁ። አዋሽ እሄዳለሁ አልኩ። በሩን በሽርጤ ጫፍ ይዤ ከፈትኩና ቆምኩ። መንገዱ ላይ አንድም ሰው፣ አንድም ጥላ አልነበረም። ወደ አዋሽ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሣው በማግስቱ ንጋት ነው። ዘጋሁትና ተመለስኩ። ሲባጎውን ፈታሁ፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

የተሰረዘውን ብቻ ማንበብ ጀመርኩ። እንደዚህ አንብቤው አላውቅም። ስድስቱ ደብተሮች ውስጥ አሥራ አንድ ቦታ አገኘኋት። አንዱ ቦታ የመጀመሪያውን የሥራ ማመልከቻ ያረመችልኝ እሷ ናት ይላል። ሌላው ላይ «ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ያስጠናችኝ እሷ ናት» ይላል። በሁሉም ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ በሁሉም ዳር ፊርማዬ። መጀመሪያ ስጽፍ እጄ እውነቱን ይጽፋል፤ በማግስቱ ረጋ ብዬ ሳስተካክል አወጣታለሁ። ማረም የምለው ሥራ ይኸው ነበር።

ያስተማረችኝ ወጥ ቤታችን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። በከሰል ትጽፋለች፣ እኔ ከሥር እደግማለሁ፤ ስንጨርስ ጎረቤት እንዳያይ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ለማንም እንዳትናገር፣ ማንበብ እንደምትችልም እንዳታሳይ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ሚስቱ ያስተማረችው ተብዬ እንዳይሳቅብኝ ፈራሁ። ከዚያ የጣቢያው ሹም ባልደረቦቼ ፊት «ይሄ ሰው እኮ ከፉርጎ ላይ ነው የተማረው» አለ፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ነገር በዓመቱ የምተርከው ሆነ። በአሥር ዓመቱ አምኜዋለሁ ብል ግን ውሸት ነው። አምኜው ቢሆን ኖሮ እጄ በየደብተሩ እሷን ባልጻፈ።

ልጄ የተመለሰችው ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። መብራቱም ከእሷ ጋር የመጣ ያህል ኤሲው ተነሣ። ከጎረቤት ከተማ ከሎግያ ሙፎ የሚባለውን የአፋር ዳቦና ዓሣ ይዛ መጥታለች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው እንጂ ብላ አላለችኝም።

«ላፕቶፑን ክፈቺ» አልኳት።

«ለምን?»

«አዲስ ምዕራፍ አለ። ደብተር ላይ የለም።»

ተቀመጠች። የወጥ ቤቱን በር፣ ከሰሉን፣ እርጥቡን ጨርቅ ነገርኳት። ተየበች፣ መልሳ አነበበች። «ይለፍ» አላልኩም። መጽሐፉ ከዚህ በኋላ «ያለ አስተማሪ» ሊባል እንደማይችል አውቄዋለሁ፤ ከየምዕራፉ ሥር ያለው ምክርም ሁሉ ሲፈርስ ይሰማኝ ነበር። ስምንት ዓመት የሠራሁት ቤት ውስጥ ቆሜ ምሰሶውን የምነቀንቅ መሰለኝ፤ መውጫ ግን በዚያ በኩል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ፊርማው ቀን ደረስኩ። የጣቢያው ግቢ ውስጥ ቤት ሲሰጠን ባልና ሚስት እንድንፈርም ቢሮ ተጠራን። ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አብራን ገብታለች።

«አስታውሰዋለሁ» አለች ሳትቆም እየተየበች። «ሐምራዊ ቀለም ነበር። ስንወጣ አውራ ጣቷን በምራቄ ጠረግኩላት። አልለቅ አለ።»

«ሹሙ አመሰገነኝ» እያልኩ ቀጠልኩ፤ «ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ብሎ። እኔ ፈረምኩ። ከዚያ ባለቤቴ አሻራዋን አደረገች። ወጣን።»

መተየቧን አቆመች። መልሳ አነበበችው። «እኔ ፈረምኩ። ከዚያ ባለቤቴ አሻራዋን አደረገች። ወጣን።» ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«እዚያ ጋ ተመለስ» አለች።

ድምፁ የእናቷ ነበር። በሩ እዚያው ነው፣ ከኋላዬ፤ ከውጭ ግን ያው ሙቀት ነው። ውሃ ጠጣሁ።

«ጻፊ» አልኩ። «እኔ ፈርሜ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እሷ እጇን ዘረጋች። ልታነሣው ነበር። አየኋት። እስክሪብቶውን ከእጇ ፊት አንሥቼ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ለሹሙ ‹እሷ በአሻራ ናት› አልኩት። እጇ እንደተዘረጋ ጥቂት ቆየ። ከዚያ አውራ ጣቷን ለቀለሙ ሰጠች።»

ልጄ እስከ መጨረሻው ተየበችው። ሙፎው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ በደንባችን መሠረት፣ ቃል በቃል፣ መልሳ ታነብልኝ ጀመር።