አስፋልት ላይ የተሞከረው ብስክሌት

ልጅ እያለሁ የተገዛልኝን ብስክሌት ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሌላው ሰው ስለ ልጅነቱ ብስክሌት ሲያወራ ፊቱ ይበራል፤ እኔ ጥርሴን ነው የምነክሰው። ብስክሌቱ አስቀያሚ ስለነበረ አይደለም። እንዲያውም ያኔ ጋምቤላ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ የሚያምረው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቀይ ነበር፣ ከፊትም ከመሃልም ሞላ ነበረው፣ ማርሹ ሲቀየር ቀጭ ቀጭ ይላል። የሚያናድደኝ አመራረጡ ነው።

ቤታችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ያለ መንደር ውስጥ ነበር። የመንደራችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሰባተኛ መማር የፈለገ ከተማ መሄድ አለበት። ወንዶቹ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ይማራሉ፤ ለሴት ልጅ ግን ይህ አይታሰብም ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆነ ነገሩን ሲጸልይበት ሰንብቶ አንድ ቀን ቁርጡን ነገረኝ። ማታ ማታ ቤቴ የምገባ ከሆነ እማራለሁ፣ ካልሆነ ይቀራል። በእግር ተኪዶ የሚመለሱበት ርቀት ደግሞ አይደለም። ስለዚህ መማሬም አለመማሬም በአንድ ብስክሌት ላይ ተንጠለጠለ።

መንገዱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ከመንደሩ እስከ አስፋልቱ ያለው ከቁመቴ በሚበልጥ ሣር መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው። በበጋ የተቃጠለ ሣር አመድ ይሸታል፣ በክረምት ጥቁሩ አፈር ይቦካል። ያንን ጭቃ የጋምቤላ ልጅ የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ጫማ ብቻ ሳይሆን እግርም ይዞ ያስቀራል። ከእናቴ ጋር ማንጎ ተሸክመን ወደ ገበያ ስንወርድ ተንሸራትቼ ያልወደቅሁበት ቦታ የለም። አስፋልቱ ላይ ከተወጣ በኋላማ ሕፃንም ይነዳል። አስቸጋሪው ያ የመጀመሪያው የእግር መንገድ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባቴ በቆሎውን ሸጠና ወደ ከተማ ወረድን፤ አባቴ፣ እኔና የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ኦሞድ። አጎቴ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጭነት አውራጅ ነበር። ከአውሮፕላን ጋር ስለሚውል ጎማ ያለው ነገር ሁሉ እሱን ይመለከታል ተብሎ ይታመን ነበር። ራሱም ያምን ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ ታላቅ ወንድም እያለ ታናሹ አይመርጥም፤ ሴት ልጅም በሽማግሌዎች ፊት እግሯን አንስታ ብስክሌት ላይ አትወጣም። እኔ መንዳት የተማርኩት ሰው በማያየኝ ቦታ፣ በጎረቤት ብስክሌት ነበር።

የጋሽ ከማል ሱቅ የአዲስ ጎማና የግሪስ ሽታ አለው፤ ያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ጋሽ ከማል ከወሎ መጥቶ ከተማችን ውስጥ የኖረ ነጋዴ ነው። አባቴ ለአስፋልትም ለጫካም የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ብስክሌት እንዲያሳየን ጠየቀው። ጋሽ ከማል ቀዩን ጎትቶ አወጣና "ወላሂ፣ ለሁለቱም የሚሆነው ይሄ ነው" አለ። ምን ያድርግ፣ ነጋዴ ነው። ጥግ ላይ ግን አንድ ያገለገለ ብስክሌት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቀለሙ የለቀቀ፣ ሞላ የሌለው፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው። ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎው፣ ተነቅሏል። ገና ሳየው ገባኝ፤ ጭቃው የሚጣበቅበት ቦታ የለውም። ዋጋውም ከቀዩ በጣም ያነሰ ነበር።

ቀስ ብዬ በቋንቋችን በአኙዋክኛ "አባባ፣ ያኛውስ?" አልኩት።

"ዝም በይ። አጎትሽ እያየ ነው" አለኝ።

አጎቴ ቀዩን ይዞ ሊሞክረው ወጣ። የት? አስፋልት ላይ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበር አስፋልቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ረጃጅም እግሮቹን እያወናጨፈ እስከ አደባባዩ ሄዶ ተመለሰ። ከሱቁ ጀርባ ልክ እንደኛ መንገድ ያለ ጭቃ ተኝቷል፤ ዞር ብሎ አንዴ ቢገባበት ኖሮ ሁሉም ነገር በተገለጠለት። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ወረደና "ይሄ አውሮፕላን ነው። ማርሽ አለ፣ ሞላ አለ። አለቀ" አለ። ሦስቱ ወንዶች ተጨባበጡ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ኮርቻውን በእጄ እንኳ ሳልነካው ተገዛ። ለደብተርና ለዩኒፎርም የተቀመጠው ገንዘብም አብሮ ሄደ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ዝናቡ አልቆመም። ከቤት ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። በእንጨት እፈነቅለዋለሁ፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ፓራፋንጎው ይነቀልልኝ ብዬ ብለምን አጎቴ አዲስ ዕቃ ልታበላሺ ነው ብሎ ተቆጣኝ። ማርሹ ውስጥ የሚጠመጠመው ሣር ካቴናውን ይጥለዋል። ያ ሁሉ የተወደሰ ሞላም ብረት ነው፤ ክብደቱን የምሸከመው እኔ ነኝ። አዎ፣ የምሸከመው ነው ያልኩት። ሊሸከመኝ የተገዛውን ብስክሌት በትከሻዬ ተሸክሜ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ አስፋልቱ ላይ እወጣለሁ። ትምህርት ቤቱ ጋ ስደርስ ባንዲራው ተሰቅሎ፣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀኛል። ቀሪ በዛብኝና ጥቅምት ሳያልቅ ስሜ ተሰረዘ።

ታዲያ ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ተወያይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ብስክሌቱ ለጭቃ አይሆንም አላሉም። ሴት ልጅ ብስክሌት አትችልም አሉ። ቀዩ ብስክሌት ተወሰደና ለአጎቴ ልጅ ለኦኬሎ ተሰጠ። ኦኬሎ የሚኖረው ከተማ ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ በአስፋልቱ ላይ እየነዳ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ፣ አያችሁ ወንድ ልጅ ሲይዘው እያሉ ያደንቁለት ነበር። በአስፋልት ላይማ እኔስ መች አቃተኝ! ያን ዓመት ማንጎ ስሸጥ ከረምኩ። አብረውኝ ስድስተኛን የጨረሱት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው በገበያው ሲያልፉ ፊቴን አዞር ነበር።

እናቴ ግን ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ስታጠራቅም ነበር። በሚቀጥለው ክረምት የማንጎና የደረቀ ዓሣ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ለማንም ሳትናገር፣ እኔን አስከትላ ጋሽ ከማል ሱቅ ገባች። አሮጌው ብስክሌት እዚያው ጥግ ነበር። እናቴ አማርኛዋ ብዙ አይደለም። በጣቷ አሳየችውና "ይሄ። እሷ ይሞክራል። ጭቃ ውስጥ" አለችው። ጋሽ ከማል አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና "ትሞክረው እናቴ፣ እኔ ምን ቸገረኝ" ብሎ የጓሮውን በር ከፈተ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁበትና ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ጎማው ጭቃውን እየረጨ ሄደ፤ ጀርባዬ ሁሉ ጠቆረ፣ አልቆመም። እናቴ ስትስቅ ያን ቀን ያየኋትን ያህል አይቻት አላውቅም። ከዚያ በኋላ አባቴም አልከለከለኝም። ትምህርቴን የጨረስኩት በዚያ ብስክሌት ነው።

አሁን ነርስ ነኝ። ጠዋት በአስፋልቱ ጤና ጣቢያ እገባለሁ፣ ከሰዓት በእግር መንገዱ መንደር ለመንደር እዞራለሁ፤ ሁለቱንም በብስክሌት። ዘመኑም ሌላ ሆኗል። የዛሬ ልጃገረዶች ሱቅ ገብተው ራሳቸው ይወጡበታል፣ ፍሬኑን ይጫናሉ፣ ፓራፋንጎው ይነቀልልኝ ይላሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ሳያቸው ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይቆጨኛል።

አጎቴ ኦሞድ አርጅቷል። እወደዋለሁ፤ መድኃኒቱን የማመጣለትም እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ለዚች ልጅ ብስክሌት የመረጥኩላት እኔ ነኝ፣ ይኸው ነርስ ሆነች እያለ ያወራል። በቀደም ይህንኑ ሲያወራ ልጄ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ናት።

"አያቴ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እማዬ ሞክራው ነበር?" አለችው።

አጎቴን ጥያቄው ገረመው። "ያኔ ሴት ልጅ አትሞክርም" አላት፣ በጣም ተረጋግቶ።

ልጄ ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። ቀልድ ስለመሰላት ደስ አለኝ። እኔ ግን አንድ ዓመቴ ነው የሄደው፤ አልሳቅሁም።