የአባቴ ጥርስ ፎቶግራፍ

ልጅ ሳለሁ የወንጂ ልጅ መሆኔን ለማወቅ ማንም አገሬን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ አፌን ስከፍት ይታያል። ያኔ በኛ ሰፈር የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ጥርስን ገና ከድድ ሳይወጣ ቡናማ ያደርገው ነበር። ጎረቤቱም የክፍል ጓደኛውም ያው ቡናማ ስለሆነ ነገሬ ብለነው አናውቅም። ጥርስ ማለት እንዲያ ነው ብለን ነው ያደግነው።

አባቴ ዕድሜውን ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ጓዛችንን ጠቅልለን አዳማ ገባን። እሱ የአንድ እህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። የስኳር ፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ ቀረና ዓይን የሚሞላ አቧራና ያ የማያባራ የአዳማ ንፋስ ተተካ። የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ስሜን ጠይቆኝ ተናገርኩ፤ የሰማኝ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ያየው ጥርሴን ነው። ለእረፍት ስንወጣ «ዝገቷ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር።

አንዱ ጥርሷን አትፍቅም አለ፣ ሌላው ሸንኮራ ስታኝክ ስላደገች ነው አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ትል ነው ያለው ነው። በዚያ ዘመን ጥርሱን ያመመው ሰው ሁሉ ትል በላኝ ይል ስለነበር፣ ወሬው ማስረጃ አላስፈለገውም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ትሉ እንዳይጋባባት ብላ ቦታ ቀየረች። እኔ ጠዋት ጠዋት ድዴ እስኪደማ በከሰል እፍቃለሁ፤ ጥርሴ ግን ከነቀለሙ ያው ነው።

በዚያው ሰሞን አባቴን አንድ መንጋጋ ጥርሱ አላስተኛ ብሎት ጤና ጣቢያ ሄዶ አስነቀለው። አብሬው ነበርኩ። የነቀለችለት ነርስ የኔንም አፍ አየችና፣ ቀለሙ ከውሃው ነው፣ ቆሻሻ አይደለም፣ የጥርስ ትል የሚባል ነገርም የለም አለችኝ። ያንን የነገረኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባቴ ጥርሱን በጥጥ ጠቅልሎ በክብሪት ቀፎ ወደ ቤት ሲያመጣው እኔ መንገዱን ሙሉ የማስበው ይህን በምን አስረዳቸዋለሁ እያልኩ ነበር።

ማስረጃው ያለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ነበር። የሳይንስ ክበቡ ከሥሩ በመስታወት ብርሃን የሚቀበል አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነበረው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ያኔ ካሜራ ያለው ሞባይል የያዘ ልጅ ንጉሥ ነው። የኛ ንጉሥ ናሆም ይባላል፣ የነጋዴ ልጅ። የሶፍት መሃል ካርቶን ቆርጦ ማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ያጠልቀዋል፣ ሞባይሉን በካርቶኑ ላይ ይደግፍና በፕላስተር ያስረዋል፣ ከዚያ ትንፋሻችንን ውጠን እንቆማለን። ዳር ዳሩ ጥቁር፣ መሃሉ ክብ የሆነ ፎቶ ይወጣል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የትንኝ እግር፣ የስኳር ፍሬ አነሳን። የስኳሯ ፍሬ እንደ ብርጭቆ ስታበራ ያየሁ ቀን ቤት ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። ምሽቱን ሁሉ ወሬዬ እሷ ነበረች።

አባቴን ጥርሱን ስጠኝ አልኩት። ሳቀና እስኪ እናንተ የተማራችሁት እዩት ብሎ ሰጠኝ። ትል እንደሌለ ናሆም በራሱ ሞባይል ካነሳው ማንም አይከራከርም፣ ስሜም ይመለስልኛል ብዬ ነበር።

ጥርስ ብርሃን አያሳልፍም። ማይክሮስኮፑ ሥር ሲገባ ጥቁር ድቡልቡል ነገር ብቻ ሆነ። ናሆም ግን ብልጥ ነው፤ የሌላ ልጅ ሞባይል ተቀብሎ ባትሪውን ከጎን አበራበት። ያኔ የአባቴ ጥርስ ታየ፤ ውሃ ጠጥቶ የደረቀ ጭቃ ይመስል ስንጥቅጥቅ ያለ። ስንጥቁ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ፣ ጥቅልል ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ተጋድሟል።

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እኔ ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ የጥጡ ክር ነበር። ክር ነው አልኩ፤ ደግሜ አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ፎቶው ደወሉ ሳይደወል በብሉቱዝ ግቢውን አዳርሶ ነበር። ዝገቷ የሚለው ስም በዚያ ቀን ሞተ፤ «የትሏ ልጅ» ተተካ።

ቀጥታ ወደ ክበቡ መምህር ሄድኩ። የባዮሎጂ መምህር ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቀልዱ የሚወደድለት ሰው። አጎንብሶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ቲቸር፣ ክር ነው። በጥጥ ተጠቅልሎ ነው የመጣው።»

«አውቃለሁ» አለኝ ቀና ብሎ። «የክር ፎቶ ሊያይ ግን ማን ይመጣል?»

ለወላጆች በዓል ፎቶ ቤት ወስዶ ትልቅ አድርጎ አሳተመው። ሥሩ ላይ «የጥርስ ትል፣ ከወንጂ አካባቢ» ተብሎ ተጻፈና የላቦራቶሪው በር ላይ ተሰቀለ። እስከ ዛሬ ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ፤ እያወቀ እንደዚያ ያደረገብኝ ግን የለም።

አባቴ በበዓሉ ቀን ኮቱን ለብሶ መጣ። አትምጣ ብዬው ነበር። ፎቶው ፊት ቆሞ ጽሑፉን በቀስታ አነበበ። ከኋላው ልጆቹ ይንሾካሾካሉ፣ እሱ አድናቆት መስሎታል። ከዚያ መምህሩን ፈልጎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መምህር፣ የኔ ጥርስ ነው እኮ» አለው።

መምህሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፣ እንኳን ደስ ያለዎት አለው። እንግዶቹ ሳቁ። አባቴም አብሯቸው ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሌሎቹ ጥርሶቼም ይኖር ይሆን ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ከተገኘማ ቤተሰቡ የት ይሄዳል?» አለ መምህሩ፣ እንግዶቹን እያየ። እንደገና ተሳቀ። አባቴ ግን ይህኛው ላይ አልሳቀም።

ወደ ቤት ስንመለስ ክር ነው እያልኩ አለቀስኩ። ጥጡን አስታወስኩት፣ የነርሷን ቃል ነገርኩት። እሱ እኔን ማባበል ነው የያዘው። የተማረ ሰው አይቶ ያጸደቀውን፣ ፎቶ ቤት የታተመውን ፎቶ ልጅ ስላለቀሰች ውሸት ነው ሊል አልቻለም። ልጄ፣ ያስተማረሽን ሰው አታርሚ አለኝ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ለእናቴ እንኳ ሳይነግራት ከአዳማ አለፍ ብላ ወዳለችው ወለንጪቲ ወረደ። እዚያ በመድኃኒት ጭስ ትል የሚያወጡ፣ ጥርስም የሚነቅሉ ሽማግሌ ነበሩ። አፉን ከፍተው አይተው «ራሞ ጂራ» አሉት፤ ትል አለ ማለታቸው ነው። አጥነውት፣ በሳህን ውሃ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አሳይተውት፣ ከዚያ ነቀሉለት። ሁሉንም። አንዳቸውም አላመሙትም ነበር፤ በዚያው ሳምንት ሸንኮራ በጥርሱ ልጦ ሰጥቶኛል። ከመኪና ሲወርድ ፎጣ አፉ ላይ ይዞ፣ ሸሚዙ ደም በደም ሆኖ፣ በዓይኑ ግን ደስ ብሎት ነበር። እናቴ ደረቷን መታች። እኔ የምመታው ሰው አጣሁ።

ዛሬ ወንጂ የተጣራ ውሃ ገብቷል፤ ሕፃናቱ ሲስቁ ጥርሳቸው ነጭ ነው። የኔንም ጥርስ ሐኪም በነጭ ሸፍኖልኛል፤ መሥሪያ ቤቴ የሚያውቀኝ በፈገግታዬ ነው። የኔ ልጅ በሞባይሏ ላይ ትንሽ ሌንስ ለጥፋ የጉንዳን ዓይን ታነሳለች፤ ካርቶንም ፕላስተርም አያሻትም። እንደ እኛ ትንፋሽ ውጦ መቆምን አታውቀውም። ያ ነገር አንዳንዴ ይናፍቀኛል፣ እጠላዋለሁም።

በቀደም የድሮ ክፍል ጓደኞቼ በከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ናሆም ያንን ፎቶ ለጠፈው። «ምን ዓይነት ደግ ዘመን ነበር» ብሎ ጽፎበታል። ሥሩ በሳቅ ምልክት ተሞላ። ልጄ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየችው። ጊዜም አልፈጀባትም።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ክር ነው» አለች።

አባቴ ከፊታችን ተቀምጦ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረ ነበር። እጁ ቆመ። እሷን አላያትም፤ እኔን ነው ያየኝ። ያኔ መንገድ ላይ የለመንኩትን፣ ያለቀስኩለትን አሁን ሊሰማኝ ተዘጋጅቷል። አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው፤ ውስጡ ባዶ ነው።

«ክር ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ትል ነው አባዬ» አልኩት። «እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ዳቦውንም ከሻዩ አወጣ።